ስለ ስምንት ሰዓት ወደ ጭሮ

ከጭሮ ከተመለስኩ ወዲህ የደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ «እንዴት ነበር አገሩ?» ይለኛል። አገሩማ ምን ይወጣለታል! ያናደዱኝ ሰዎቹ ናቸው። በየታክሲው ሰልፍ ቆሜ ስተርክ ከምውል አንዴ ጽፌው ይውጣልኝ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ስሜ ትዕግሥት ነው። እናቴ ይህን ስም ስታወጣልኝ ምን ታይቷት እንደነበር እሷ ትወቅ።

ጭሮ ተወልጄ ያደግሁባት ከተማ ናት። የእኔ ቤተሰብ እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ ነው የሚላት። አባቴ እዚያ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነበር። እዚያው ኮሌጅ ገብቼ መምህርነት ስማር የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አጥቂ ነበርኩ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። አሠልጣኛችን ኮች ሸምሰዲን ነበሩ። የሄድኩትም እሳቸው ስለጠሩኝ ነው።

መጀመሪያ ግን እዚያ አገር ስምንት ሰዓት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳችሁ። ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ሲሆን ሐረርጌ ቁጭ ይላል። በርጫ ነው። ፍራሽ ይነጠፋል፣ ጫት ይቀርባል፣ ወንዱ ክንዱን ትራስ ላይ ጥሎ ይቅማል። እሱ ሲቀመጥ ደግሞ ሴት ልጅ ትቆማለች። ውሃ አምጪ፣ ሻይ አፍዪ፣ ከሰል አያይዢ፣ ገራባውን ጥረጊ! ገራባ የሚሉት ተቀጥፎ የተረፈውን የጫት ውዳቂ ነው። እኛ ቤት ጫት አይገባም ነበር፤ የጎረቤቶቼን ልጆች ግን ስምንት ሰዓት ካለፈ አላያቸውም። ኮች ሸምሰዲን ሥራ ሲጀምሩ ጠዋት ቢጠሩን ግማሾቻችን ውሃ ቀጂ ነን፤ ማታ ቢጠሩን ቤተሰብ አይለቅም። በመጀመሪያው ዓመት የገጠመን ሁሉ አሸነፈን። ከዚያ ሰውዬው ምን አደረጉ? ልምምዱን ስምንት ሰዓት ላይ አደረጉት። ልክ በበርጫው ሰዓት!

ከተማው አበደ። ኮች ግን በየቤቱ እየዞሩ አባት ለመኑ፤ አንዳንዱ ሻይ አጠጣቸው፣ አንዳንዱ ከደጅ መለሳቸው። ሜዳው ድንጋያማ ተዳፋት ነበር። ጉዛ ጠሩበት፤ እናንተ ደቦ በሉት። የእኛ እናቶች ሳይቀሩ ድንጋይ ለቅመው ሜዳ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ነው የክልሉን ዋንጫ እየደጋገምን ያመጣነው። ከዚያ ሜዳ መምህር ወጥቷል፣ ነርስ ወጥቷል፣ ዳኛ ወጥቷል። ኮች እዚያው ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ጫት ግን አፋቸው ገብቶ አያውቅም። አንዷ ደክሟት ጠርዝ ላይ ዘፍ ስትል «በስምንት ሰዓት ቁጭ የለም!» እያሉ ይጮሁባት ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ወር ስልክ ደወሉልኝ። «ያ ኢንታላ» አሉኝ፤ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው፣ ሁላችንንም እንዲሁ ነው የሚጠሩን። «ጡረታ እያወጡኝ ነው። ጡረታው ይሁን፣ አልሃምዱሊላህ። ግን ሰዓቱን ሊያነሱት ነው። ልምምዱ ንጋት ላይ ይሁን ብለዋል።»

«ለምን ተብሎ?»

«በስምንት ሰዓት የሚያሠለጥን መምህር ጠፋ አሉ። ሁሉም ይቅማላ! እኔ ብናገር ሽማግሌ ተቆጣ ይላሉ። አንቺ አፍ አለሽ። ለሽኝቱ ነይና ንገሪያቸው።»

አፍ እንዳለኝ ደብረ ብርሃን ምስክሬ ናት። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ ተነሳሁ።

ሐሙስ

ለኮች ስጦታ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ገዛሁ፤ ያውም ወፍራሙን፣ ባለ አንበሳውን። ያንን ተሸክሞ መሄድ ሌላ ሰው ይዞ እንደ መሄድ ነው። አዲስ አበባ መነኸሪያ ላይ ረዳቱ «ይሄ ጣራ ላይ ይውጣ» አለ፤ አይወጣም አልኩ። «እንግዲያው የሰው ሒሳብ ይከፈልበት!» አለኝ። ሕፃን አቅፋ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «እኔ እግሬን አሳርፍበታለሁ፣ ተወው ወንድሜ» ብላ አዳነችኝ። እስከ አዳማ ልጇ ብርድ ልብሴ ላይ ተኛ። አንዴ ሸንቶበታል፤ ፌስታሉ አተረፈልኝ።

አዳማ አደርኩ። ከእኛ ብርድ ለመጣ ሰው አዳማ ምድጃ ናት። አልጋ ቤቱ ውስጥ ማራገቢያው አይሠራም። ባለቤቲቱን ብነግራት በካርቶን ክዳን ታራግበኝ ጀመር። በሳቅ ሞትኩ፤ ንዴቴም ለዚያች ምሽት ቀዘቀዘ።

ዓርብ

ማልደን ተነሳን። መተሐራን፣ አዋሽን አልፈን ወደ ቆላው ገባን። እኛ ጋ በዚህ ወር ገብሱ አረንጓዴ ነው፤ እዚያ ምድሩ አመድ መስሏል፣ ግመሎቹ ደግሞ መንገዱን አባታቸው ያወረሳቸው ይመስል መሃል ላይ ይቆማሉ። አሰቦት ላይ ወደ ገዳሙ የሚሄዱ ተሳላሚዎች ወረዱ። ከኋላዬ የነበሩ አንዲት እናት ስንቃቸውን ፈተው በሶ ዘገኑልኝና «ንዴትሽ ከፊትሽ ላይ ይነበባል ልጄ፣ ብዪበት» አሉኝ። ምን እንዳናደደኝ እንኳ አልጠየቁኝም። እግዜር ይስጣቸው፣ ያ በሶ ነው ያቆየኝ።

ሚኤሶ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ሾፌሩ መኪናውን ጥግ አስይዞ «ራዲያተሩ ሞቋል» አለና ወረደ። ራዲያተሩን ዞር ብሎም አላየው። ከመንገዱ ማዶ ካለ ቤት ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ በመስኮት አየሁት።

ተከትዬው ሄድኩ። «ወንድሜ፣ መካኒክ ጥራ እንጂ!»

«መካኒኩ ይኸው» አለኝ። ከጎኑ አንድ ዘይት የነካው ቱታ የለበሰ ሰው ጉንጩን ወጥሮ ተቀምጧል። «ከበርጫ በኋላ አየዋለሁ እህቴ፣ አትጨናነቂ» አለኝ መካኒኩ።

አትጨናነቂ! ለዚህ ሰዓት ልሟገት ከደብረ ብርሃን ድረስ መጥቼ ሰዓቱ ራሱ መንገድ ላይ ጠብቆ ይያዘኝ? ደሜ ፈላ። ያልኩትን ሁሉ እዚህ ብጽፈው የዕድራችን ሊቀመንበር ያስወጡኛል። ተሳፋሪው ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ጥላ ፈልጎ ተኝቷል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሾፌሩ ዓይኑ ፈጦ፣ ደስ ብሎት ወጣና «አሁን መሽቷል፣ ዳገቱ በጨለማ አይሆንም፣ ነገ እንወጣለን» አለን።

ለፎዚያ ደወልኩላት። ፎዚያ የቡድናችን አቀባይ ነበረች፤ ኳሱን እሷ ታነሳልኛለች፣ እኔ እመታለሁ። ባል ያገባችው ሚኤሶ ነው። ብርድ ልብሴን ከእጄ ነጥቃ በራሷ ላይ ጭና «ኮቱ፣ ነይ፣ ቤት አለሽ» ብላ ወሰደችኝ። ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ከዚያ የግመል ወተት አቀረበችልኝ። ወተቱ ጭስ ጭስ ይላል፤ እኛ ቤት እንኳን በዓርብ ጾም በፋሲካም አይቀመስም፣ ግን ጠጣሁት። የምትሠራውን ስጠይቃት ሳትሸማቀቅ «ጫት እነግዳለሁ» አለችኝ።

«ፎዚያ! አንቺ? የኮች ልጅ?»

«አዎ፣ የኮች ልጅ። ልጆቼን የማበላው በጫት ነው። አንቺ ደሞዝ አለሽ፣ ደብረ ብርሃን ተቀምጠሽ መፍረድ ይቀልሻል።» ድምጿ እንደ ድሮው ዝቅ ያለ ነው፣ ግን አይበገርም። «እኔ ቤት ግን ስምንት ሰዓት ላይ ሴት ልጅ ለበርጫ ውሃ አታቀብልም። ባሌም ራሱ ቀድቶ ይጠጣል። ይቺን ከማን የተማርኳት ይመስልሻል?»

የግመሉን ወተት ደግሜ ተጎነጨሁ። አፍ አለሽ የተባልኩት እኔ፣ አስቡት።

ቅዳሜ

ጫት አድርሶ ባዶውን በሚመለስ ፒካፕ ከፎዚያ ጋር ወጣን። የእነዚህን መኪኖች አነዳድ የሰማችሁት ሁሉ እውነት ነው። ከቆላው ወደ ጭሮ ያለው ዳገት መታጠፊያ በመታጠፊያ ነው፤ ልጁ በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው ስልክ ያወራል። እኔ ማርያምን እጠራለሁ፣ ፎዚያ ያ ረቢ ትላለች። ዳገቱን ስንጨርስ ነፋሱ ቀዘቀዘ፣ ማሽላና የጫት ማሳ በየእርከኑ ታየ፣ የልጅነቴ ሽታ መጣ። ትንሽ አለቀስኩ። ከፍርሃት ነው ብያታለሁ።

ኮች ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁን። ከስተዋል። የስኳር በሽታ እግራቸውን አሳብጦታል፣ በነጠላ ጫማ ነው የሚሄዱት። ባለቤታቸው ሆጃ አጠጡን፤ በወተት የፈላ የቡና ገለባ ነው፣ እኛ ጋ የሚያውቀው የለም። ብርድ ልብሱን ሲያዩ ሳቁ። «ከዚህ በኋላ ሥራዬ መተኛት ነው ማለትሽ ነው?»

ቤት ውስጥ ኢፍቱ የምትባል የመሰላ ወረዳ ልጅ ነበረች፤ የአሁኑ ቡድን አምበል ናት። ጭሮ የምትኖረው አጎቷ ቤት ነው። «ልምምዱ ወደ ንጋት ከሄደ ንጋት ላይ ውሃ እቀዳለሁ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ የአጎቴን በርጫ አስተናግዳለሁ» አለችኝ። «አጎቴ እስከ ዛሬ የለቀቀኝ ኮችን ፈርቶ ነው።» ይህን ስትል እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረችው፤ እኔን አንገበገበኝ።

ሽኝቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ስጠይቅ ኮች መሬት መሬት እያዩ «ስምንት ሰዓት» አሉ።

ተዘጋጅተን ወደ ኮሌጁ ሄድን፤ ብርድ ልብሱንም በሥርዓት ሰው ፊት እንድሰጥ ይዘነው ሄድን። በር ላይ አንድ ጥበቃ «ስጦታ ወዲህ» ብሎ ተቀበለን። ገባን። ያየሁትን ልንገራችሁ። መረቡ ተነቅሏል። እናቶቻችን ድንጋይ የለቀሙበት ሜዳ ላይ ዳስ ተጥሏል። ፍራሽ ዙሪያውን ተነጥፏል፣ ትራስ ተደርድሯል፣ የጫት እስር በየሰዉ ፊት ተቀምጧል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በርጫን ሲታገሉ የኖሩትን ሰው የሚሸኙት በበርጫ! በዚያው ሰዓት! በዚያው ሜዳ! ይባስ ብሎ እነ ኢፍቱን በመጫወቻ ማሊያቸው ቴርሞስና ጆግ አስይዘው በእንግዳው መሃል ያመላልሷቸዋል። የኮሌጁ ዲን ደግሞ የት ነው የተቀመጠው? የእኔ ብርድ ልብስ ላይ። አንበሳው ላይ!

ማንም ክፉ አስቦ እንዳልሆነ በኋላ ገብቶኛል። እዚያ አገር ሰው የሚከበረው እንዲህ ነው፤ ክብር ሲያስቡ ሌላ መንገድ አልመጣላቸውም። ያን ሰዓት ግን አልገባኝም፣ እንዲገባኝም አልፈለግሁም።

ለኮች ካባ ተደረገላቸው። ዲኑ ንግግር አደረገ፤ «የማይተካ ሰው» አለ፣ «አሻራ» አለ። ተራዬ ሲደርስ ተነስቼ «ሰዓቱን አትንኩት!» ብዬ ጀመርኩ። ልጆቹ ከዚያ ሰዓት ውጭ የራሳቸው ሰዓት እንደሌላቸው፣ ዋንጫ ሁሉ የመጣው በዚያ ሰዓት እንደሆነ፣ አሁን በእጃቸው ያለው ቴርሞስ ነገ ዕጣቸው እንደሚሆን ነገርኳቸው። ዲኑ ፈገግ እያለ ሰዓቱን አየና «መምህርት ከሩቅ ስለመጣች እናመሰግናለን፤ ጊዜ ስላጠረን ወደ ምርቃቱ እንለፍ» አለ። ጭብጨባ ሆነ። አፍ አለሽ ተብዬ የመጣሁት ሴትዮ በጭብጨባ ተዘጋሁ! እንባዬ መጣ፣ የንዴት እንባ።

መራቂው ሐጂ ዑስማን ነበሩ፤ የፎዚያ አባት፣ በከተማው የሚፈሩ ሽማግሌ። ድሮ ኮች ፎዚያን ለቡድን ሊጠይቁ ቤታቸው ሲሄዱ ከደጅ የመለሷቸው እሳቸው ናቸው፤ ፎዚያ ተደብቃ ነው የተጫወተችው። ዱአ አድርገው ሲጨርሱ ከፊታቸው ካለው ጥሩውን እስር አንስተው ወደ ኮች ዘረጉ። «ጀባ!» አሉ። ጀባ ማለት እንካ፣ ስጦታዬ ነው ማለት ነው። ሽማግሌ ጀባ ብሎ እምቢ አይባልም።

ኮች በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ይህንንም አስደረጓቸው ብዬ ፎዚያን ክንዷን ጨመቅኋት።

«ዝም ብለሽ እዪ» አለችኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ኮች ካባቸውን ሰብስበው ተነስተዋል። በዚያ ባበጠ እግር ሄደው ሐጂ ፊት በርከክ አሉና እስሩን ሳይፈቱ መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ሐጂ፣ ይህ ጫት የእኔ ሆኗል አይደል?»

«ጀባ ብዬሃለሁ፣ የአንተ ነው።»

«እንግዲያው ጫቴን ይዤ መጥቻለሁ። ድሮ እርስዎ ቤት ባዶ እጄን ነበር የመጣሁት፣ ነውር ነበር፣ አልሰሙኝም። ዛሬ በወጉ ነው። ልመናዬ ስለ ስምንት ሰዓት ነው።»

ወጉን ለማታውቁ፦ እዚያ ልጅ ለጋብቻ ሲጠየቅም፣ የተጣላ ሲታረቅም ጫት ተይዞ ነው የሚኬደው። ለልመና የመጣ ጫት ሽማግሌ ፊት ከተቀመጠ መልስ ሳይሰጥ አይቀመስም።

ሐጂ ዑስማን እስሩን አዩት፣ ኮችን አዩ፣ ጢማቸውን ዳበሱ። ከዚያ «እጃችሁን ከጫት ላይ አንሱ» አሉ። ሁሉም አስቀመጠ። ሐጂ ወደ ዲኑ ዞሩ። «ቤቱ የአንተ ነው። መልስ።»

«ሐጂ፣ ይሄ እንኳ በኮሚቴ የሚታይ…»

«ይታይ። ኮሚቴው እስኪያይ እንጠብቃለን» አሉና ሐጂ እግራቸውን አጣጥፈው ተደላደሉ።

ወገኖቼ፣ ሀራራ የሚባለውን ነገር ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። ጫት ለለመደ ሰው ሰዓቱ ካለፈ አጥንቱ ይፈታል። የኮሌጁ መዝጋቢ አዛጋ። ፋይናንሱ አዛጋ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አንዱ መምህር የትራሱን ዘርፍ መጎንጎን ጀመረ። ለስላሳው ጫት በየሰዉ ፊት እየጠወለገ ነው። ዲኑ ራሱ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። በመጨረሻ መዝጋቢው ጎኑን ጎሸም አደረገውና ለሁላችንም በተሰማ ድምፅ «በቃ እሺ በላቸው እንጂ ሰውዬ!» አለው።

«እሺ» አለ ዲኑ። «ሰዓቱ ባለበት ይቆያል።»

«ሁላችንም ሰምተናል» አሉ ሐጂ።

ፎዚያ እልል አለች። እኔም ልል አፌን ስከፍት ኢፍቱ ቴርሞሱን እንደያዘች ከመሃል «ማን ያሠለጥነናል?» ብላ ጠየቀች።

«አዲስ አሠልጣኝ ተመድቧል፣ ሰኞ ይጀምራል» አለ ዲኑ፤ ከጎኑ ወዳለ ወጣት መምህር እየጠቆመ። ወጣቱ መምህር ግን አንዷን ቀንበጥ ቀድሞ ቀጥፏት ነበር። ቀንበጧን እያየ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እልልታዬን ዋጥኩት።

እሑድ

ኮች ቤት ዋልኩ። እግራቸውን ለብ ባለ የጨው ውሃ ዘፍዝፈው ተቀምጠዋል። ብርድ ልብሱን ጥበቃው መልሶልናል፤ ሁለት ቦታ ላይ ተቃጥሏል፣ የሲጋራ ነው። ባለቤታቸው በክር ሲጥፉት እኔ ስራገም ኮች «ተይ አንቺ ልጅ፣ ይሞቃል» ይሉኛል። ያ ወጣት ይመጣ ይሆን ብዬ ጠየቅኋቸው። «ኢንሻአላህ» አሉ። ኢንሻአላህ ሲሉ እንደዚያ ቀን ሰግቼ አላውቅም።

ሰኞ

መኪናው ሞልቶ የተነሳው ረፋዱ ካለፈ በኋላ ነው። ዳገቱን ወርደን ሚኤሶ ስንገባ ገመታችሁ? ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። ሾፌሩ ጥግ ያዘ። ሌላ ሾፌር ነው፣ ሰበቡ ያው ነው።

ወርጄ ጥላ ስፈልግ ስምንት ሰዓት አለፈ፤ ስልኬ ጮኸ። ኢፍቱ ናት። «አሠልጣኙ አልመጣም» አለችኝ። «ከበርጫ በኋላ እመጣለሁ ብሎ ላከብን።»

የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ወግ፣ ያ ሁሉ ሽማግሌ! «ታዲያ ወደየቤታችሁ ሄዳችሁ?» አልኳት።

«ስሚ» አለችና ስልኩን ዘረጋችው። ፊሽካ ሰማሁ። ኳስ መሬት ሲመታ ሰማሁ። ከዚያ ያንን ድምፅ ሰማሁ፤ «ቁጭ የለም! ቁጭ የለም!»

«ኮችን ስጪኝ! አሁኑኑ ስጪኝ!»

እያለከለኩ መጡ። «ምንድነው፣ ልምምድ ላይ ነኝ።»

«ኮች፣ በእናትዎ! በዚያ እግር? ጡረታ ወጥተዋል እኮ! እነዚያ ጎረምሶች ተጋድመው እርስዎ…»

«ጡረታ ያወጣኝ ኮሌጁ ነው» አሉኝ፤ እየቸኮሉ ነው፣ ዓይናቸው ሜዳው ላይ እንደሆነ ከድምፃቸው ያስታውቃል። «ስምንት ሰዓት አላወጣኝም። ዝጊው ያ ኢንታላ፣ ልጆቹ ቆመዋል።» ዘጉት።

ስልኩን ጨብጬ ፀሐይ ላይ ቀረሁ። ልደሰት ወይስ ልናደድ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከማዶ ካለው ቤት ሾፌሩ አየኝና በሩ ሥር ያለውን ፍራሽ በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ሰውዬው ክፋት የለውም፣ አዝኖልኝ ነው።

«ኮቱ ታኢ! ፀሐይ መታሽ እኮ እህቴ፣ ነይ ቁጭ በይ!»

«አልቀመጥም!» አልኩት። እስኪነሳ ድረስ መኪናው አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁ።